በእንግሊዝ ጨረታ ላይ የቀረበ መዝሙረ ዳዊት፦ ልጫረት ወይስ ልተወው?

ዘፍራንክፈርት (ጠያቂ)፦

ጤና ይስጥልኝ። የምኖረው ጀርመን አገር ነው። በደቡብ እንግሊዝ የሚገኝ አንድ አነስተኛ የጨረታ ቤት በሚቀጥለው ወር ከሚሸጣቸው አሮጌ የቤት ዕቃዎች፣ የብር ማንኪያዎች፣ የዘይት ቀለም ሥዕሎችና የግድግዳ ሰዓቶች መካከል አንድ የብራና መዝሙረ ዳዊት በኢንተርኔት ካታሎጉ ላይ አየሁ። መግለጫው በጣም አጭር ነው። የኢትዮጵያ መዝሙረ ዳዊት እንደሆነ፣ በ18ኛው ክፍለ ዘመን ወይም ከዚያ በኋላ እንደተጻፈ፣ የእንጨት ገበታና የቆዳ ማኅደር እንዳለው፣ ከአንድ የግል ስብስብ እንደመጣ ይናገርና በዚያው ያበቃል። የዋጋ ግምቱ ከ600 እስከ 800 ፓውንድ ነው። የቀረቡት ፎቶዎች ሦስት ሲሆኑ አንዱ ገበታውን፣ ሁለተኛው ቅዱስ ዳዊት በገና ሲደረድር የሚያሳየውን ሥዕል፣ ሦስተኛው ደግሞ የመጨረሻውን ገጽ ያሳያሉ። በመጨረሻው ገጽ ግርጌ ሦስት ወይም አራት መስመር የሚሆን ጽሑፍ ተፍቆ ይታያል።

ከዚህ በፊት በጨረታ ተጫርቼ ስለማላውቅ አስቀድሜ የምትመክሩኝን ብሰማ እወዳለሁ። ከሁሉ በፊት ማወቅ የምፈልገው በግምቱ ላይ የተጻፈው ዋጋና በመጨረሻ ከኪሴ የሚወጣው ገንዘብ ምን ያህል እንደሚራራቁ ነው። መጽሐፉ እውነተኛ መሆን አለመሆኑን በፎቶ ብቻ መለየት ይቻል እንደሆነም ብትነግሩኝ ደስ ይለኛል። ከሁሉ በላይ ያስጨነቀኝ ግን ሌላ ነው። አንድ ወዳጄ ከምእመናን ገንዘብ አሰባስበን እንግዛውና ለቤተ ክርስቲያን እንስጠው ብሎኛል። ሐሳቡ መልካም ሆኖ ሳለ ልቤ ግን ሙሉ በሙሉ አልተቀበለውም፤ ምክንያቱን በሚገባ ማስረዳት አልቻልኩም።

መዝገብ አገላባጭ፦

እንደምን ዋሉ። እንግሊዝ አገር በሚገኝ አንድ የጨረታ ቤት ውስጥ በካታሎግ ዝግጅት ክፍል ለተወሰኑ ዓመታት ስለሠራሁ ስለ ገንዘቡና ስለ መግለጫው የማውቀውን ልንገርዎ፤ የብራናውን ነገር ለሚያውቁት እተወዋለሁ።

በካታሎግ ላይ የሚታየው ግምት ዋጋ አይደለም። ተጫራቾችን ለመሳብ ሆን ተብሎ ዝቅ ሊደረግ የሚችል አኃዝ ነው፤ ከግምቱ በስተጀርባ ደግሞ ሻጩና አጫራቹ ብቻ የሚያውቁት፣ ከዚያ በታች ዕቃው የማይሸጥበት ዝቅተኛ ዋጋ ይኖራል፤ ይህም በተለመደው አሠራር ከግምቱ የታችኛው ቁጥር አይበልጥም። አጫራቹ መዶሻውን ሲመታ የተጠራው ዋጋ ሻጩና ገዢው የተስማሙበት ነው፤ ገዢው የሚከፍለው ግን ከዚያ በላይ ነው፤ የጨረታ ቤቱ ከገዢው የሚወስደው ኮሚሽን አለና። ይህን ኮሚሽን የለንደኖቹ ትልልቅ የጨረታ ቤቶች ክሪስቲስና ሶዝቢስ እ.ኤ.አ. በ1975 ሲጀምሩት 10 በመቶ ነበር፤ ዛሬ በብዙ የክፍለ ሀገር ቤቶች ከ20 እስከ 30 በመቶ ደርሷል። በኮሚሽኑ ላይ ደግሞ 20 በመቶ ተጨማሪ እሴት ታክስ ይታሰባል። ቤቱ በሌላ ድርጅት የኢንተርኔት መድረክ በኩል የሚያጫርት ከሆነም እስከ 5 በመቶ የሚደርስ የመድረክ ክፍያ፣ እሱም ከነታክሱ፣ ይጨመራል።

ለምሳሌ መዶሻው በ1,000 ፓውንድ ላይ ቢያርፍ፣ ኮሚሽኑ 25 በመቶ ቢሆን፣ የመድረኩም ክፍያ 5 በመቶ ቢሆን፣ ኮሚሽኑ ከነታክሱ 300፣ የመድረኩ ክፍያ ከነታክሱ 60 ፓውንድ ይሆንና ዕቃው ገና ከቤቱ ሳይወጣ 1,360 ፓውንድ ይደርሳል። የማሸጊያ፣ የመድንና የማጓጓዣ ወጪ፣ እንዲሁም ጀርመን ሲገባ የሚጠየቀው ታክስ በዚህ ውስጥ የሉም። ስለዚህ ከመጫረትዎ በፊት የቤቱን የሽያጭ ውል እስከ መጨረሻው ያንብቡት፤ ብዙ ሰው የሚዘለው ክፍል ነው፣ ክርክር ሲነሳ የሚወስነው ግን እሱ ነው።

አንድ ሌላ ነገር አለ። ብሪታንያ ከ50 ዓመት በላይ ዕድሜ ያለው የእጅ ጽሑፍ ከአገር ሲወጣ፣ ዋጋው ምንም ያህል ትንሽ ቢሆን፣ የወጪ ፈቃድ ትጠይቃለች፤ ማመልከቻውን የሚያስተናግደው አርትስ ካውንስል ኢንግላንድ የተባለው ተቋም ነው። በማመልከቻው ላይ ዕቃው ብሪታንያ መቼና እንዴት እንደገባ ይጠየቃል። ሻጩ ለዚያ ጥያቄ መልስ ከሌለው፣ ከተጫረቱ በኋላ ችግሩ የእርስዎ ይሆናል።

ወደ መግለጫው ልመለስ። በትናንሽ ቤቶች ጠዋት ሰዓት የሚመዘግበው ሰው ከሰዓት በኋላ ሸክላ፣ ማታ ደግሞ የማያነበውን መጽሐፍ ይመዘግባል። "18ኛው ክፍለ ዘመን ወይም ከዚያ በኋላ" ማለት የግዕዝ ጽሑፍ የሚያውቅ ሰው አላየውም ማለት ነው ብለው ይውሰዱት። "የግል ስብስብ" የሚለውም ማንም ሰው ቤቱ ያስቀመጠውን ሁሉ ስለሚሸፍን ምንም አይነግርዎትም። አንድ ዕቃ ጥሩ የባለቤትነት ታሪክ ካለው፣ ከማን ወደ ማን እንደተላለፈ፣ በየትኛው ዓመት የት እንደነበረ፣ የጨረታ ቤቱ ያንን በትልቁ ይጽፈዋል፤ ዋጋ የሚያወጣው እሱ ነውና። ያልተጻፈው አንድም ስለማይታወቅ፣ አንድም ቢጻፍ ስለማይጠቅም ነው።

ስለዚህ በኢሜይል በጽሑፍ ይጠይቁ፤ ስልክ አይደውሉ። ሻጩ መጽሐፉን ከማን አገኘው? ከኢትዮጵያ በየትኛው ዓመት ወጣ? የወጣበት ሰነድ፣ ደብዳቤ፣ ደረሰኝ ወይም የድሮ ፎቶ አለ? ቤቱ በተሰረቁ ዕቃዎች መዝገብ ላይ አስመርምሮታል? እንዲሁም የይዞታ መግለጫ፣ የቅጠሎቹን ብዛትና የመጨረሻውን ገጽ ትልቅ ፎቶ ይጠይቁ። ቤቶቹ ይህን ያለ ክፍያ ይልካሉ።

ብራና ፋቂ፦

ሰላም ለሁላችሁ። ብራና ከሚዘጋጅበትና ከሚደጎስበት አካባቢ ስለሆንኩ በፎቶዎቹ ላይ የሚታየውን ያህል ልበል።

ዳዊት ከብራና መጻሕፍታችን ሁሉ እጅግ የበዛው ነው። መዝሙሩን፣ መኃልየ ነቢያቱን፣ መኃልየ ሰሎሞንን፣ ውዳሴ ማርያምንና አንቀጸ ብርሃንን አንድ ላይ ይዞ ለግል ጸሎት የሚያገለግል መጽሐፍ በመሆኑ ካህኑም፣ መኳንንቱም፣ እመበለቷም የየራሳቸው ነበራቸው። ስለዚህ አንድ ዳዊት በውጭ አገር ተገኘ ማለት ከቤተ ክርስቲያን ተዘረፈ ማለት ብቻ አይደለም፤ ከባለቤቱ ወይም ከወራሹ በገንዘብ የተገዛም አለ። ወንጌል፣ ስንክሳር ወይም ግብረ ሕማማት ቢሆን ኖሮ ግን ጥርጣሬዬ ከመጀመሪያው የበረታ ይሆን ነበር፤ እነዚህን ለአገልግሎት የሚይዘው ቤተ ክርስቲያን እንጂ ግለሰብ አይደለምና።

እውነተኛነቱን በተመለከተ ሁለት ነገሮችን ለይተው ይዩ፤ መጽሐፉ አሮጌ መሆኑ አንድ ነገር ነው፣ ሥዕሉ አሮጌ መሆኑ ሌላ ነው። ለገበያ ሲባል ብዙ ጊዜ የሚደረገው አሮጌ ብራና ላይ አዲስ ሥዕል መጨመር ነው፤ በመጀመሪያው ባዶ ቅጠል ላይ ወይም ጽሑፉ ተፍቆ በተገኘ ገጽ ላይ ይሣላል፤ ሥዕል ያለው ዳዊት ሥዕል ከሌለው ይልቅ በብዙ ይሸጣልና። ሥዕሉ ከመጽሐፉ ጋር ለረጅም ዘመን ተዘግቶ ከኖረ ቀለሙ ፊት ለፊቱ ባለው ገጽ ላይ ጥላውን ይተዋል፤ ስለዚህ የሥዕሉን ብቻ ሳይሆን የትይዩውን ገጽ ፎቶ ይጠይቁ። ዳዊት ላይ ያለው አቧራና ወዝ ደግሞ እኩል አይደለም፤ ገጹን የሚገልጠው አውራ ጣት የሚያርፍበት የታችኛው ጥግ ይጠቁራል፣ ውስጠኛው ኅዳግ ግን ነጣ ብሎ ይቀራል። ገጹ ሁሉ ከዳር እስከ ዳር እኩል ከጠቆረ በጭስ ወይም በቅባት ያረጀ መሆኑን ልትጠረጥሩ ትችላላችሁ።

የጥራዞቹን ቁጥርና በእያንዳንዱ ጥራዝ ያሉትን ቅጠሎች ማስቆጠርም ይጠቅማል፤ ሥዕል ያለባቸውን ቅጠሎች ቆርጦ አንድ በአንድ በመስታወት ውስጥ መሸጥ የተለመደ ክፉ ሥራ ነውና ጉድለቱ ከቆጠራው ይታወቃል።

አሁን ወደ ፍቀቱ። በጸሎቱ መካከል "ለገብርከ" (ለባሪያህ) ከሚለው ቀጥሎ ያለው ስም ተፍቆ ሌላ ስም ቢጻፍበት ምንም ክፋት የለውም፤ መጽሐፉ በሽያጭ ወይም በውርስ ሲተላለፍ አዲሱ ባለቤት የራሱን ስም ያስገባል። በመጨረሻው ገጽ ግርጌ የተጻፈ ሦስትና አራት መስመር ሙሉ በሙሉ መፋቁ ግን ሌላ ነው። በዚያ ቦታ የሚጻፈው "ዝንቱ መጽሐፍ ዘ" ብሎ የሚጀምረው የባለቤትነት ቃል ነው፤ አብዛኛውን ጊዜም "ዘሰረቆ ወዘፈሐቆ በሥልጣነ ጴጥሮስ ወጳውሎስ ውጉዘ ይኩን" በሚለው ግዝት ይዘጋል። የሰረቀውን ብቻ ሳይሆን የፋቀውንም አብሮ ያወገዘው አባቶቻችን የሚመጣውን ስላወቁ ነው። ግዝቱን ደፍሮ የፋቀ ሰው መጽሐፉ የማን እንደሆነ እንዳይታወቅ የፈለገበት ምክንያት ነበረው ማለት ነው።

የመጨረሻውን ገጽ ፎቶ በአልትራቫዮሌት ብርሃንም እንዲያነሱልዎ ይጠይቁ። የእኛ ጥቁር ቀለም ከጥላሸት የሚዘጋጅና ወደ ብራናው ጠልቆ የማይገባ በመሆኑ ከተፋቀ በኋላ ሁልጊዜ አይነበብም፤ ቢሆንም አንዳንድ ፊደል ይተርፋል።

የደላንታው፦

የተነሳው ጉዳይ ለእኔ ሩቅ አይደለም፤ ስሜም እንደሚናገረው የደላንታ ሰው ነኝ። የመቅደላ ዕቃ የተሸጠው በለንደን አዳራሽ ሳይሆን በእኛ ሜዳ ላይ ነው። አፄ ቴዎድሮስ ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም. ራሳቸውን ከሰዉ በኋላ የእንግሊዝ ጦር አምባውን ዘርፎና አቃጥሎ፣ የበሺሎን ወንዝ ተሻግሮ ደላንታ ሜዳ ሲደርስ፣ ወታደሩ የያዘው ሁሉ ተሰብስቦ ለሁለት ቀን በሐራጅ ተሸጠ። ምርኮውን ለማጓጓዝ 15 ዝሆንና ወደ 200 የሚጠጋ በቅሎ አስፈልጎ ነበር። ከሐራጁ የተገኘው ወደ 5,000 ፓውንድ የሚጠጋ ገንዘብም ለወታደሩ ተከፋፈለ። ዋናው ገዢ የብሪቲሽ ሙዚየም የላከው ሪቻርድ ሆምዝ ነበር፤ ዛሬ በብሪቲሽ ላይብረሪ የሚገኙት ወደ 350 የሚሆኑ የመቅደላ ብራናዎች የገቡት በዚያ መንገድ ነው። ንጉሠ ነገሥቱ ለመቅደላ መድኃኔ ዓለም ብለው ከጎንደር አብያተ ክርስቲያናት ያሰባሰቧቸው ነበሩ። ነገሥታቱ ሲዘምቱ የሚይዙትን፣ የእሾህ አክሊል የደፋውን ክርስቶስን የሚያሳየውን ሥዕለ ኩርዓተ ርእሱን ግን ሆምዝ ለሙዚየሙ አላስረከበም፤ ለራሱ አስቀረው፤ እሱ ከሞተ በኋላም እ.ኤ.አ. በ1917 በክሪስቲስ ጨረታ ተሸጠ።

ይህን የምለው ታሪክ ለመተረክ ብቻ አይደለም። ይህ ዳዊት ከመቅደላ ይሁን አይሁን እኔ አላውቅም፤ ሆኖም ሙዚየም ውስጥ ያለው ቢያንስ የት እንዳለ ይታወቃል፣ በጨረታ የሚሸጥ ግን ገዢው ስሙን ሳይገልጽ ወስዶት እንደገና ለሃምሳ ዓመት ሊሰወር ይችላል። በእኔ እምነት ወዳጅዎ ያለው ትክክል ነው። 1,360 ፓውንድ በአንድ ደብር ምእመናን መካከል ሲከፋፈል የአንድ ሰርግ ስጦታ ያህል ነው። ይግዙት፣ ከዚያ በኋላ ስለ ሕጉና ስለ ታሪኩ በሰፊው እንነጋገራለን። ሌላ ሰው ከወሰደው ግን የምንነጋገርበት ነገር አይኖርም።

ወለተ ኪዳን፦

የደላንታውን ወንድሜን ቁጭት እጋራለሁ፤ ይሁንና በመደምደሚያው አልስማማም። ሥራዬ ከሕግ ጋር የተያያዘ ስለሆነ ከዚያ በኩል ልናገር።

ኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. በ1966 ባወጣችው የጥንታዊ ቅርሶች አዋጅ ቅርስ ያለ ፈቃድ ከአገር እንዳይወጣ ከልክላለች፤ አሁን በሥራ ላይ ያለው አዋጅ ቁጥር 209/1992ም ይህንኑ በሰፊው ደንግጓል። ስለዚህ በማንኛውም የኢትዮጵያ ጥንታዊ ዕቃ ላይ የመጀመሪያው ጥያቄ "ከ1966 በፊት ወጣ ወይስ በኋላ?" የሚለው ነው። ከዚያ በፊት የወጣ ሁሉ ንጹሕ ነው ማለቴ አይደለም፣ መቅደላን ያነሳችሁት ለዚህ ነው፤ ከዚያ በኋላ ያለ ፈቃድ የወጣ ግን በአገራችን ሕግ ዓይን በሕገ ወጥ መንገድ የወጣ ነው። በሌላ በኩል ነገሥታቱ ለእንግዶቻቸው በስጦታ የሰጧቸው፣ ሚሲዮናውያንና ዲፕሎማቶች በግልጽ የገዟቸው መጻሕፍትም አሉ፤ ሁሉንም ዘረፋ ብለን ከጠራን እውነተኛው ዘረፋ ከሌላው ጋር ይደባለቃል።

በእንግሊዝ ሕግ ሌባ እሱ ራሱ የሌለውን መብት ለገዢው ሊያስተላልፍ አይችልም። ቀድሞ በአንዳንድ ግልጽ ገበያዎች የገዛ ሰው ልዩ ጥበቃ ነበረው፤ ያ ድንጋጌ እ.ኤ.አ. ከ1995 መጀመሪያ ጀምሮ ቀርቷል። በቅን ልቦና የገዛ ሰው ግን ከስድስት ዓመት በኋላ የቀድሞው ባለቤት ሊጠይቀው የማይችልበት ሁኔታ ይፈጠራል፤ አሮጌ ስርቆት በፍርድ ቤት ሳይሆን በድርድር የሚያልቀውም በዚህ ምክንያት ነው። ጠያቂያችን ጀርመን ስለሚኖሩ ደግሞ የአውሮፓ ኅብረት ደንብ ቁጥር 2019/880 ይመለከታቸዋል፤ ከተፈጠረበት አገር በሕገ ወጥ መንገድ የወጣን የባህል ዕቃ ወደ ኅብረቱ ማስገባት እ.ኤ.አ. ከታኅሣሥ 2020 ጀምሮ ዋጋው ምንም ይሁን ምን የተከለከለ ነው። በቅርቡ የተጨመረው የሰነድ ግዴታ ዕድሜው ከ200 ዓመት በላይ የሆነና 18,000 ዩሮና ከዚያ በላይ የሚያወጣ የእጅ ጽሑፍን የሚመለከት ስለሆነ ይህን ዳዊት አይነካውም፤ መሠረታዊው ክልከላ ግን ይነካዋል። ለቤተ ክርስቲያን በበጎ ፈቃድ የተገዛ መጽሐፍ በጉምሩክ ቢያዝ ደብሩም፣ ገንዘብ ያዋጡትም ይሸማቀቃሉ።

የቤቱን "በተሰረቁ ዕቃዎች መዝገብ ላይ አልተገኘም" የሚል ምስክር ወረቀት ከልክ በላይ አትመኑት። መዝገቡ የሚያሳየው የተመዘገበውን ብቻ ነው። ፎቶ ተነስቶ የማያውቅ የገጠር ቤተ ክርስቲያን ዳዊት ቢጠፋ፣ ማን ያስመዘግበዋል? ከላሊበላ ቤተ መድኃኔ ዓለም እ.ኤ.አ. በ1997 የተሰረቀው አፍሮ አይገባ መስቀል ከቤልጂግ ተገኝቶ ሊመለስ የቻለው በመላው ዓለም የሚታወቅና ፎቶው የታተመ መስቀል ስለነበረ ነው።

እንግዛውና እንመልሰው የሚለውን በተመለከተ፣ አንድ ጨረታ ላይ ሁለት ኢትዮጵያውያን፣ ሁለቱም ሊመልሱ አስበው፣ ሳይተዋወቁ ቢጫረቱ ዋጋውን የሚያንሩት እርስ በርሳቸው ነው። የሚቀጥለው ሻጭ ያንን ዋጋ ያይና ሳጥኑን ይከፍታል። ሌላው መንገድ ግን ተሞክሮ ሠርቷል። እ.ኤ.አ. በ2021 በዶርሴት የሚገኝ ጨረታ ቤት ከመቅደላ የተወሰደ የብራና መጽሐፍና የቀንድ ዋንጫዎች ለሽያጭ ሲያወጣ፣ ለንደን ያለው ኤምባሲያችን ጠይቆ ዕቃዎቹ ከጨረታው ወጡ፤ ከዚያ ሸህራዛድ ፋውንዴሽን የተባለ ድርጅት ከሻጩ ላይ ገዝቶ በዚያው ዓመት መስከረም ለኤምባሲው አስረከበ። እ.ኤ.አ. በየካቲት 2024 ኒውካስል ላይ ሊሸጥ የነበረው የመቅደላ ጋሻም በኢትዮጵያ ጥያቄ ከጨረታ ወጥቶ፣ በአሜሪካ የቶሌዶ ሙዚየም ለእይታ ከቀረበ በኋላ በዚያው ዓመት ኅዳር አዲስ አበባ ገባ። በሁለቱም ጊዜ መጀመሪያ የተደረገው መጫረት ሳይሆን መጻፍ ነበር።

የደላንታው፦

ስለ መቅደላ ጋሻና ስለ ዋንጫዎቹ ያልሽው እውነት ነው፤ እነዚያ ግን በካታሎጉ ላይ "መቅደላ" የሚል ስም ነበራቸው፣ ያም ስም የጋዜጠኛውንም የኤምባሲውንም ዓይን ሳበ። ይህ ስም የሌለው አንድ ዳዊት ነው። በየሳምንቱ እንዲህ ያለ ዳዊት፣ ክታብና የእጅ መስቀል ሲሸጥ ኤምባሲው ስለ እያንዳንዱ ሊጽፍ ይችላል ብለሽ ታምኛለሽ?

ወለተ ኪዳን፦

ስለ እያንዳንዱ ሊጽፍ አይችልም። የባለቤቱ ምልክት ተፍቆ ስለተገኘበት ሊጽፍ ይችላል፤ ይህን ለይቶ የሚያሳየው ደግሞ እንደ ጠያቂያችን ያለ ፎቶውን በጥንቃቄ ያየ ሰው ነው። የምፈራው ሌላ ነገር ነው፤ "ከአቢሲኒያ ዘመቻ (ማለትም ከመቅደላው ዘመቻ) መኮንን በውርስ የተላለፈ" የሚለው ቃል ድሮ ዋጋ ያስጨምር ነበር፣ ዛሬ ደግሞ ዕቃውን ከጨረታ ያስወጣል። እንግዲህ አንዳንድ ሻጭ ታሪኩን እያወቀ ዝም ቢል ይጠቅመዋል። ስም ለሌለው ዕቃ አብልጠን መጠየቅ ያለብን ለዚህ ነው።

ዘፍራንክፈርት፦

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። በምክራችሁ መሠረት በኢሜይል ጠይቄ የጨረታ ቤቱ ትሕትና ባለው ቃል መልሷል። ሻጩ መጽሐፉን የወረሰው ከአጎቱ ነው፤ አጎትየው እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ መጀመሪያ ኢትዮጵያ ውስጥ በመሐንዲስነት ሠርቶ ሲመለስ አብሮት አምጥቶታል። ደረሰኝም ሆነ የመውጫ ፈቃድ የለም። የመጨረሻውን ገጽ ትልቅ ፎቶ ልከውልኛል፤ በተፋቀው ቦታ ላይ "ዝንቱ መ" የሚለው፣ ከጥቂት ክፍተት በኋላም "ዘደብረ" የሚለው ይነበባል፤ ቀጥሎ ያለው ስም ግን ፈጽሞ ጠፍቷል። ሥዕሉ ያለበት ቅጠል ትይዩው ገጽ ንጹሕ ነው፤ ምንም የቀለም ጥላ የለበትም።

ብራና ፋቂ፦

ሥዕሉ እንግዲህ በኋላ የገባ ይመስላል፤ ጽሑፉ ግን በላኩት ፎቶ ላይ ጥሩ እጅ ነው፤ እያንዳንዱ ስንኝ በየራሱ መስመር ላይ ተቀምጧል፣ መስመሩ ያልበቃው ቃል ከላይ ወይም ከታች ታጥፎ ገብቷል፤ ይህ የዳዊት ጸሐፊዎች ወግ ነው። "ዘደብረ" ከተጻፈበት መጽሐፉ በአንድ ወቅት የደብር ነበር። ደብሩ ራሱ ሸጦት ይሆን እንደሆነ ከዚህ ገጽ መናገር አይቻልም፤ የሸጠ ደብር ግን ቃሉን ሰርዞ የሽያጩን ነገር ይጽፋል እንጂ ግዝቱን እንዲህ አይፍቅም።

አንድ የሚሞከር መንገድ አለ። ከ1973 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በኢትዮጵያ አብያተ ክርስቲያናትና ገዳማት ያሉ ብራናዎች በማይክሮፊልም እየተነሱ ቅጂያቸው በአዲስ አበባና በአሜሪካ ሚኒሶታ በሚገኘው የሂል ሙዚየምና የብራና ቤተ መጻሕፍት ተቀምጧል። መጽሐፉ ከዚያ በፊት ከአገር ወጥቶ ከሆነ በዚያ ስብስብ ውስጥ አይገኝም፤ በስብስቡ ውስጥ ከተገኘ ግን "በ1970ዎቹ መጀመሪያ" የሚለው የሻጩ ቃል ይፈርሳል፣ የደብሩም ስም ይታወቃል። የጽሑፉን እጅ፣ የሐረጉን ቅርጽና የመስመሩን ቁጥር ከፎቶው ጋር ማመሳከር ባለሙያ የሚሠራው ሥራ ነው፤ እርስዎ ፎቶዎቹን ብቻ ይላኩላቸው።

መዝገብ አገላባጭ፦

የቤቱ መልስ በጽሑፍ መምጣቱ ጥሩ ነው፤ ራሱ ሻጩ መጽሐፉ ከ1966 አዋጅ በኋላ ያለ ሰነድ መውጣቱን አምኗል ማለት ነው። አሁን ጊዜ ሳያጠፉ የሚያደርጉት ይህ ነው።

የካታሎጉን ገጽ፣ ሦስቱንም ፎቶዎችና የዕቃውን ቁጥር ዛሬውኑ በኮምፒውተርዎ ላይ ያስቀምጡ፤ ዕቃ ከጨረታ ሲወጣ ገጹ ብዙ ጊዜ አብሮ ይጠፋል። ከዚያ ለንደን ላለው የኢትዮጵያ ኤምባሲና አዲስ አበባ ላለው የኢትዮጵያ ቅርስ ባለሥልጣን በአንድ ቀን ይጻፉ። ደብዳቤው ከአንድ ገጽ አይብለጥ፤ የጨረታውን ቀንና ሰዓት፣ የዕቃውን ቁጥር፣ ቤቱ የላከልዎትን መልስ ሳይለውጡ፣ የተፋቀውን ገጽ ፎቶና ብራና ፋቂ ያነበቡትን ይጨምሩበት። ቁጣና ክስ አያስገቡበት፤ የጨረታ ቤቱን የሚያነቃንቀው ከመንግሥት የመጣ ደብዳቤ እንጂ ከእኔና ከእርስዎ የመጣ ስድብ አይደለም። ለቤቱም ለየብቻ አጭር መልእክት ይላኩ፤ ጉዳዩን ለኤምባሲው ማሳወቅዎን ብቻ ይንገሩት። በእኔ ጊዜ እንዲህ ያለ መልእክት ሲደርሰን ዕቃው ላይ ጥያቄ ተነስቷል ተብሎ ለኃላፊው ይቀርብ ነበር፤ ቤቱ ስሙን የሚጎዳ ሽያጭ በ200 ፓውንድ ኮሚሽን አይገዛም።

ወዳጅዎ ያሰባሰበውን ገንዘብም አይመልስ። ከጨረታ የወጣ ዕቃ ወደ ኤምባሲው ሳይሆን ወደ ሻጩ ይመለሳል፤ የዶርሴቱ ዕቃም የተመለሰው አንድ ድርጅት ገዝቶ ስላስረከበው ነው። ሻጩ በውርስ ያገኘ፣ ታሪኩን የማያውቅ ሰው ከሆነ፣ ኤምባሲው ባለበት፣ የጨረታው ፉክክር በሌለበት፣ በስጦታ ወይም በመጠነኛ ካሣ ለማስረከብ ሊስማማ ይችላል፤ የምእመናኑ ገንዘብ የሚያስፈልገው ያኔ ነው። ቤቱ ከጨረታ አላወጣም ቢል ደግሞ ጨረታው ከመጀመሩ በፊት እዚህ ይጻፉልን፤ የዚያን ጊዜ ልንጫረት ይገባል አይገባም የሚለውን እኔና የደላንታው በድጋሚ እንከራከርበታለን።

ዘፍራንክፈርት፦

ሁለቱንም ደብዳቤ ዛሬ ልኬአለሁ፤ ለሚኒሶታውም ቤተ መጻሕፍት ፎቶዎቹን ልኬአለሁ። ጨረታው የሚካሄደው በወሩ ሦስተኛ ሐሙስ ስለሆነ መልስ እንደመጣ እዚሁ እጽፋለሁ።

የደላንታው፦

ሐሙስ ጠዋት በጨረታው ላይ በኢንተርኔት እገኛለሁ፤ አልጫረትም፣ ማን እንደሚጫረት ግን እመዘግባለሁ።

መዝገብ አገላባጭ፦

የተጫራቾች ስም ለተመልካች አይታይም፤ የሚታየው ዋጋውና የተጫራቹ ቁጥር ብቻ ነው። መዶሻው የወረደበትን ዋጋ ይመዝግቡ፤ እሱ ለኤምባሲው ይጠቅመዋል።